የሠልጣኙ እንጀራ፦ የአጭር ጊዜ የሙያ ሥልጠናና የሰፈር ድጋፍ ታሪክ በልደታ

(በታሪክ ትምህርት ክፍል ለተማሪዎችና ለመምህራን የቀረበ ሕዝባዊ ንግግር)



 የዛሬው ርእሴ ለጆሮ ሲደርስ የታሪክ ሳይሆን የበጀት ጉዳይ ይመስላል። የሦስት ወር የልብስ ስፌት፣ የሁለት ወር የፀጉር ሥራ ወይም የስድስት ወር የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ሥልጠና ለመውሰድ የሚፈልግ ድኻ ማን ያግዘዋል? ጥያቄው ዘወትር የሚነሣው በወረዳ ጽሕፈት ቤቶችና በእርዳታ ድርጅቶች ስብሰባ ላይ ነው። እኔ ግን ጥያቄው ረዥም ታሪክ ያለው መሆኑን፣ ይህም ታሪክ ለዛሬው መልሳችን የሚያስፈልግ መሆኑን ለማሳየት እሞክራለሁ።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ ልጀምር። አንዲት እናት በልደታ ሰፈር እንጀራ ጋግራ እየሸጠች ሦስት ልጆች ታሳድጋለች እንበል። በአካባቢዋ ነጻ የልብስ ስፌት ሥልጠና ተከፈተ ተባለ። የምዝገባ ክፍያ የለውም፤ መርፌና ክሩም ይሰጣል። ሴትዮዋ ግን አልተመዘገበችም። ለምን? ሥልጠናው ጠዋት ነው፤ እንጀራ የሚሸጠውም ጠዋት ነው። ለሦስት ወር ሥልጠናውን ብትከታተል ለሦስት ወር ቤቷ ገቢ የለውም። ሥልጠናው ነጻ ቢሆንም ለእርሷ ግን በከተማው ውስጥ ካሉት ነገሮች ሁሉ የተወደደው እርሱ ነው።

እንግዲህ የዛሬው ንግግሬ መነሻ ይህ ነው። ሥልጠናን ለድኻ የሚያስወድደው በአመዛኙ የትምህርቱ ዋጋ ሳይሆን ሠልጣኙ ሳይሠራ የሚውልበት ቀን ነው። የዚያን ቀን እንጀራ ማን ይሸፍናል? በአገራችን ታሪክ ውስጥ ለዚህ ጥያቄ የተሰጡትን መልሶች በልደታና በአካባቢዋ በኩል እንመልከት።

ልደታን የመረጥሁት ያለ ምክንያት አይደለም። አንጋፋው የተግባረ እድ ትምህርት ቤት የሚገኘው በሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ፣ በዚሁ ክፍለ ከተማ ነው። በዙሪያው ጌጃ ሰፈርን፣ አብነትንና ሰንጋ ተራን የመሳሰሉ የቆዩ መንደሮች አሉ ወይም ነበሩ። ሥልጠና የሚሰጥበት ተቋምና ሠልጣኙ የሚኖርበት ሰፈር በእግር የሚደረስ ርቀት ላይ ሆነው ለአሥርት ዓመታት ጎን ለጎን ኖረዋል። ሁለቱ የተገናኙበትንና ያልተገናኙበትን ሁኔታ መመርመር ብዙ ያስተምራል።

በመጀመሪያ ግን ከዘመናዊው ትምህርት ቤት ወደ ኋላ እንመለስ። በአገራችን ለተማሪ የሚሰጥ ድጋፍ የተጀመረው በመንግሥት በጀት አይደለም። የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ደበሎውን ደርቦ፣ ከቤቱ ብዙ ቀን ርቆ ይማር ነበር። የኔታ የማስተማሪያ ዋጋ አይጠይቁም። ታዲያ ተማሪው ምን ይበላል? በየደጃፉ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል፤ የሰፈሩም ሰው ቁራሹን ይሰጠዋል። የተረፈውን አድርቆ ድርቆሽ ያደርገዋል። ይህን ሥርዓት ብዙዎቻችን የምናውቀው በትዝታና በጨዋታ መልክ ነው። በኢኮኖሚ ዓይን ካየነው ግን የትምህርት ወጪ አሸፋፈን ነው። መምህሩ ትምህርቱን በነጻ ይሰጣል፤ ሕዝቡ ደግሞ የተማሪውን የዕለት ጉርስ ይሸፍናል። ቁራሽ የምትሰጠው ሴት ተማሪውን አታውቀውም፤ ነገ ቅኔ ይቁጠር ድጓ ይዝለቅ አታውቅም። የሚማር ሰው መብላት እንዳለበት ግን ታውቃለች።

ይህ ልግስና ታዲያ ለሁሉም ዓይነት ትምህርት አልተዘረጋም። ፊደል ለሚቆጥረው የተሰጠው ክብር እጁን ለሚያሠለጥነው አልተሰጠም። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ፋቂውና ሸክላ ሠሪዋ ሙያቸውን የሚያወርሱት በቤታቸው፣ ለልጆቻቸው ነበር። ልጁ የሚማረው በአባቱ ጉድጓድ አጠገብ ተቀምጦ በመሆኑ የሚበላውም ከአባቱ መሶብ ነው። የእንጀራው ጥያቄ በዚህ ተፈታ። ግን የተፈታው ሙያው ከዘር ሳይወጣ፣ ከስድብም ሳይላቀቅ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በእጁ የሚሠራውን ሰው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው የንቀቱን ጥልቀት ያሳያል። አዋጁ ታላቅ እርምጃ ነበር። ሆኖም ስድብን መከልከል አንድ ነገር ነው፤ ከሸማኔ ቤት ያልተወለደ ልጅ ሽመና እንዲማር መንገድ መክፈት ሌላ ነገር ነው።

ይህ መንገድ በመንግሥት ደረጃ በሰፊው መከፈት የጀመረው ከጣልያን ወረራ በኋላ ነው። በ1934 ዓ.ም. የተግባረ እድ ትምህርት ቤት ተቋቋመ፤ በማግሥቱ፣ በ1935 ዓ.ም.፣ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ተከተለ። ስሙን ልብ እንበል። «ተግባረ እድ» በግእዝ የእጅ ሥራ ማለት ነው፤ በገዳማት ዘንድ ደግሞ መነኮሳት ከጸሎታቸው ጎን ለጎን የሚሠሩትን የእጅ ሥራ ያመለክታል። ለመካኒክና ለአናጢ ትምህርት ቤት ይህን ስም ማውጣት ሲናቅ የኖረውን ሥራ በቤተ ክርስቲያን ቋንቋ ማክበር ነበር።

የዚያ ዘመን መንግሥት የእንጀራውን ጥያቄ አልዘነጋውም። በጦርነቱ ብዙ የተማረ ሰው ያለቀበት አገር ተማሪ መሳብ ነበረበት። ስለዚህ ትምህርቱ ነጻ ሆነ፤ በየመንግሥት ትምህርት ቤቱም ብዙዎች በአዳሪነት እየበሉና እየለበሱ ይማሩ ነበር። ነገር ግን አዳሪነት የሚያዋጣው ተማሪው ጥቂት ሲሆን ነው። ቁጥሩ ሲበዛ መንግሥት በመጀመሪያ የሚቀንሰው ምግቡን ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ በዩኒቨርሲቲው የአዳሪነት ሥርዓት ሲቀር የተፈጠረው ቅሬታ ከተማሪዎች ንቅናቄ ታሪክ ጋር የተያያዘ መሆኑን እናንተ የታሪክ ተማሪዎች ታውቃላችሁ። የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ግን ቅሬታውን የሚያሰማበት ማኅበርና መድረክ ነበረው። የሰፈሩ ወጣት ይህ አልነበረውም።

ያ ወጣት ሙያ የለመደው እንዴት ነው? አሁን ወደ ሰፈሩ እንግባ። ከገጠር ወደ አዲስ አበባ የመጣ ልጅ በመጀመሪያ የሚያርፈው ከዘመድ ወይም ከአገር ልጅ ቤት ነው። የጉራጌ ወጣቶች ታሪክ በዚህ ረገድ የታወቀ ነው። ቀድሞ የመጣው ኋላ የመጣውን ያስጠጋል፤ የሊስትሮ ሣጥን ያስይዘዋል፤ ወይም ከሱቁ አስቀምጦ ያለማምደዋል፤ ያበላዋል። ከዚያ ልጁ ዕቁብ ይገባል፤ ዕጣ ሲወጣለት የራሱን ንግድ ይጀምራል። ይህን ማንም «የሙያ ሥልጠና ፕሮግራም» ብሎ አልጠራውም። ነገር ግን መኖሪያ፣ ምግብ፣ ልምምድና መነሻ ካፒታል በቅደም ተከተል የያዘ ሥርዓት ነው። ዛሬ በብዙ ባለሙያ ተቀርጾ ከሚቀርበው ዕቅድ የሚጎድለው ነገር ጥቂት ነው።

ከዕቁብ ጎን የቆመው ዕድር ነው። ዕድር በዕድሜ ከምናስበው በላይ ወጣት፣ በባሕርዩም ከተሜ ተቋም መሆኑን ዓሉላ ፓንክረስትና ዳመን ኃይለማርያምን የመሳሰሉ ተመራማሪዎች አመልክተዋል። የተስፋፋው በ20ኛው መቶ ዓመት፣ በተለይም በጣልያን ወረራ ጊዜና ከዚያ ወዲህ፣ ከየአገሩ የመጣ ሰው በከተማ ጎረቤት ሲሆን ነው። ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመርጣል፤ ድንኳን፣ ወንበርና ብረት ድስት ያፈራል፤ ወርኃዊ መዋጮ ይሰበስባል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በጥሞና እንድታስቡልኝ እፈልጋለሁ። ዕድር በመሠረቱ የሚያደርገው ምንድን ነው? ቀብር ያስፈጽማል እንላለን፤ ትክክል ነው። ቀብሩ ግን በአንድ ቀን ያልቃል። ሐዘንተኛው ለቀናት መሬት ላይ ይቀመጣል፤ ወደ ሥራው አይሄድም። በእነዚያ ቀናት ቤቱ ገቢ የለውም፤ ወጪው ግን ይበዛል። ዕድርተኛው ያን ጊዜ ያበላዋል፤ እንግዳውን ያስተናግድለታል፤ ገንዘብ በእጁ ያኖርለታል። ዕድር እንግዲህ ሰው መሥራት የማይችልበትን ቀን ጎረቤት የሚሸፍንበት ሥርዓት ነው። ቅድም ያነሣኋት እናት የገጠማት ችግርም ይኸው ነው። ልዩነቱ የእርሷ ቀን የሐዘን ሳይሆን የትምህርት ቀን መሆኑ ብቻ ነው። ዕድራችን የለቅሶውን ቀን ሸፍኖ የትምህርቱን ቀን ሳይሸፍን ኖረ።

ይህን ስል ዕድር ሊለወጥ አይችልም ማለቴ አይደለም። በ1990ዎቹ ኤች አይ ቪ ኤድስ የከተማውን ቤት ሁሉ ሲያንኳኳ በአዲስ አበባ በርካታ ዕድሮች መተዳደሪያ ደንባቸውን አሻሽለዋል። ሙታንን ብቻ መቅበር ሣጥናቸውን እንደሚያራቁት፣ ሕያዋንንም ጥሎ ማለፍ እንደማያስከብር ተረዱ። ለታመሙ መጦሪያ፣ ወላጅ ላጡ ልጆች መማሪያ ገንዘብ መደቡ፤ አንዳንዶቹ ተባብረው የዕድሮች ኅብረት አቋቋሙ። ደንብ የሚሻሻለው ችግሩ በራስ ደጃፍ ሲቆም መሆኑን ከዚህ እንማራለን።

ከዕድር ውጭም ነገሩን በትክክል የተረዱ ነበሩ። በ1960ዎቹ በዶክተር ሚናስ ኅሩይ የተመሠረተው ሆፕ ኢንተርፕራይዝስ በቸርችል ጎዳና ለተራበ ሰው የሚሰጥ የምግብ ኩፖን በመሸጥ ይታወቃል። አላፊ አግዳሚው ኩፖኑን ይገዛል፤ ለለማኙም ከሳንቲም ይልቅ ኩፖን ይሰጠዋል። ድርጅቱ ግን በምሳ ብቻ አላበቃም። ሥራውን እንደ መሰላል ነው ያሰበው፤ የታችኛው እርከን ምግብ፣ ከዚያ ትምህርት፣ ከዚያ የሙያ ሥልጠና፣ ከዚያ ሥራ። የራበው ሰው ሙያ ሊማር አይችልም የሚለውን እውነት በግልጽ አስቀምጦታል።

ወደ ሰፈራችን ታሪክ እንመለስ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ታወጀ፤ አነስተኛ ኪራይ የሚከፈልባቸው ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። ስለዚህ አዋጅ ብዙ ተጽፏል፤ እኔ የማነሣው አንድ ጎኑን ብቻ ነው። የቀበሌ ቤት ኪራይ እጅግ ዝቅተኛ በመሆኑ፣ ሳይታሰብ፣ የሥልጠና ድጎማ ሆኖ አገልግሏል። ጥቂት ብር ኪራይ በሚከፈልበት ቤት ውስጥ አንድ ልጅ ለስድስት ወር ገቢ ሳያስገባ በጋራዥ ወይም በእንጨት ሥራ ቤት ቢለማመድ ቤተሰቡ አይፈናቀልም። ጣሪያው ያፈስሳል፤ መጸዳጃው የጋራ ነው፤ ግን ጊዜ ይሰጣል። የድኻ ትልቁ ችግር ጊዜ ማጣት ነውና ይህ ቀላል አልነበረም። የጎረቤቱ ቅርበትም እንዲሁ ነው። እናት ገበያ ስትውል ልጇን የምታይላት ጎረቤት ደመወዝ የማይከፈላት የሥልጠና ረዳት ነበረች።

ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ሥልጠና የመንግሥት ዋና አጀንዳ ሆነ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ለቴክኒክና ሙያ ራሱን የቻለ ቦታ ሰጠ፤ በ1996 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 391 ወጣ፤ በ2000 ዓ.ም. ደግሞ በሥራ ገበያው ፍላጎትና በብቃት ምዘና ላይ የተመሠረተ ብሔራዊ ስትራቴጂ ተቀረጸ። ኮሌጆች ተስፋፉ፤ አጫጭር ሥልጠናዎችም በየወረዳው ተከፈቱ።

በዚህ ሁሉ መስፋፋት ውስጥ አንድ አለመመጣጠን አለ። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የወጪ መጋራት ሥርዓት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ምግቡንና መኝታውን በብድር ያገኛል፤ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ቀስ ብሎ ይከፍላል። ይህ ማለት ለአራት ዓመት ለሚማር ወጣት መንግሥት እንጀራውን ያበድራል ማለት ነው። ለሦስት ወር የምትሠለጥን እናት ግን እንዲህ ያለ ብድር አልታሰበላትም። ምናልባት ሦስት ወር አጭር ስለሆነ ይሆናል። አጭርነት ግን በሚቆጥረው ሰው ይለያያል፤ ለዕለት ጉርሱ ለሚሮጥ ሰው ሦስት ወር ዘጠና ምሳና ዘጠና ራት ነው።

ወደ መፍትሔው የተጠጉ ሙከራዎች አልጠፉም። በ1990ዎቹ መጨረሻ በጀርመን ድጋፍ የተስፋፋው የኮብልስቶን ሥራ አንዱ ነው። ወጣቶች ድንጋይ መጥረብንና ማንጠፍን በአጭር ጊዜ ይለምዱና ወዲያው በሠሩት ልክ ይከፈላቸዋል። ሥልጠናና ገቢ በመካከላቸው የረሃብ ወራት አልነበሩባቸውም። ሁለተኛው በ1992 ዓ.ም. የተቋቋመው የአዲስ ብድርና ቁጠባ ተቋም ነው። ሠልጥኖ የወጣ ድኻ ለባንክ የሚያስይዘው ቤት የለውም፤ ተቋሙ ግን የቡድን ዋስትናን ተቀበለ። ተበዳሪዎች እርስ በርሳቸው ዋስ ይሆናሉ። ይህ ዋስትና ከምን መጣ ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ ከጎረቤትነት ነው። ሰው የሚዋሰው ጠባዩን፣ ቤቱንና እናቱን የሚያውቀውን ሰው ነውና።

አሁን ከንግግሬ ሁሉ አሳሳቢ ወደ ሆነው ክፍል ደርሻለሁ። ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ልደታ በአዲስ አበባ መካከል ሰፊ የመልሶ ማልማት ሥራ ከተካሄደባቸው ቀዳሚ አካባቢዎች አንዷ ሆነች። የተጎሳቆሉ መንደሮች ፈረሱ፤ በቦታቸው የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎችና የንግድ ማዕከላት ቆሙ፤ በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ቀላል ባቡር በመካከላቸው ማለፍ ጀመረ። ቤቶቹ መፍረስ አልነበረባቸውም የሚል ክርክር ይዤ አልመጣሁም። በሚያፈስ ጣሪያ ሥር ያደገ ሰው ስለ አሮጌው ሰፈር በናፍቆት ብቻ መናገር አይችልም። ለቀበሌ ቤት ተከራዮችም ኮንዶሚኒየም ወይም ሌላ የቀበሌ ቤት አማራጭ ቀርቦላቸው ነበር።

ነገር ግን ሰፈር ሲፈርስ የሚፈርሰው ግድግዳ ብቻ አይደለም። ቅድመ ክፍያውን መክፈል ያልቻለው ወደ ሌላ ቦታ ሄደ፤ የቻለውም ብዙ ጊዜ ወርኃዊ ክፍያው ሲከብደው ቤቱን አከራይቶ ወደ ዳር ወጣ። ዕድርተኛው በከተማው አራት ማዕዘን ተበተነ። ዛሬም ከዳር ሰፈር በሁለትና በሦስት ታክሲ ተሳፍረው ወደ ቀድሞው ዕድራቸው የሚመጡ ሰዎች አሉ። ለቀብር መምጣት ይቻላል። ለልጅ ጥበቃ፣ ለብድር ዋስትና፣ ለአንድ መሶብ እንጀራ ግን በሦስት ታክሲ አይመጣም። ሥልጠናን ሲሸከም የነበረው የማይታየው ድጋፍ በዚህ መንገድ ሳሳ። በሪፖርት ላይ አልተመዘገበም፤ ምክንያቱም ከመጀመሪያውም በማንም መዝገብ ላይ አልነበረም።

በ2009 ዓ.ም. የተጀመረው የከተሞች የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮጀክት ይህን ክፍተት በከፊል ለመሙላት የመጣ ነው ብዬ እረዳዋለሁ። አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች ከ600,000 ለሚበልጡ ድኾች የታቀደ ነበር። መሥራት የሚችለው በጽዳትና በአረንጓዴ ልማት ሥራ ተሰማርቶ ይከፈለዋል፤ ከሚያገኘው 20 በመቶውን ይቆጥባል፤ ከዚያ ሥልጠና ወስዶ ለመቋቋሚያ 500 የአሜሪካ ዶላር የሚደርስ ድጋፍ በብር ያገኛል። በ2013 ዓ.ም. የተተካው ምዕራፍ ከ80 በላይ ከተሞችን የሚያቅፍ ሲሆን፣ ወጣቶች አበል እየተከፈላቸው በድርጅቶች ውስጥ ሥራ የሚለማመዱበትን ፕሮግራም ጨመረ። ቅደም ተከተሉን አስተውሉ፤ መጀመሪያ የዕለት ገቢ፣ ቀጥሎ ቁጠባ፣ ቀጥሎ ሥልጠና፣ በመጨረሻ መነሻ ገንዘብ። ይህ ዘመድ ቤት ያረፈው የሊስትሮ ልጅ የተጓዘበት መንገድ ነው።

ፕሮጀክቱ ሌላም ነገር ከሰፈር ተውሷል። ድኻውን ከድኻ የሚለየው የአካባቢው ኮሚቴ ነው። ማን እንደ ተቸገረ የሚያውቀው ጎረቤት ነውና ትክክል ነው። ጎረቤቶች በማይተዋወቁበት ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ውስጥ ግን ይህን ዕውቀት ከየት እናመጣዋለን? ይህን ጥያቄ ለእናንተ እተወዋለሁ።

የሚነሣብኝን ተቃውሞ አውቃለሁ፤ ዕድርን አብዝተህ አወደስህ ትሉኛላችሁ። ዕድር ፍጹም አይደለም። መግቢያውን መክፈል የማይችለውን ጎረቤት ውጭ ያስቀራል፤ ደባልና የቤት ሠራተኛ አይቆጥርም፤ ወጣቱን የአባቱ ጥገኛ አድርጎ ያያል። በተጨማሪም ድኻ ለድኻ የሚያዋጣው ገንዘብ ወሰን አለው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንላለን፤ ሃምሳዎቹ ሁሉ የተራቡ ከሆኑ ግን አንዷም ሎሚ ትከብዳለች። ስለዚህ የሠልጣኙን እንጀራ ጎረቤት ብቻውን ይሸፍን የሚል ሐሳብ የለኝም። ገንዘቡ ከመንግሥትና አቅም ካለው ወገን መምጣት አለበት። ሰፈር የሚያዋጣው ሌላ ነገር ነው፤ ሰውን ማወቅ፣ ዋስ መሆን፣ ልጅ መጠበቅ፣ የጀመረው እንዳያቋርጥ መጎትጎት። ገንዘብ ያለ እነዚህ ይባክናል፤ እነዚህም ያለ ገንዘብ ይደክማሉ።

ንግግሬን በአንድ አደራ ልደምድም። የልደታ ሰዎች በየዓመቱ ግንቦት 1 ቀን፣ እንደ ሌላው አገር ሁሉ፣ ከቤታቸው ወጥተው በደጅ ንፍሮውን በአንድነት ይቀምሳሉ። እህሉ ከየቤቱ የተዋጣ ነው። ከየቤቱ የተዋጣው የሌላው ታሪክ ደግሞ በዕድር መዝገቦች ውስጥ ተኝቷል፤ በጸሐፊዎች ሣጥን፣ በድንኳን ማስቀመጫ ጥግ፣ በእጅ በተጻፉ ቃለ ጉባኤዎች ላይ። ማን መዋጮ እንዳቃተው፣ ማን ምሕረት እንደ ተደረገለት፣ የማን ልጅ እንደ ተረዳ የተጻፈው እዚያ ነው። ሰፈር ሲነሣ ሣጥኑ ይጠፋል። የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የምትፈልጉ ተማሪዎች ካላችሁ ወደ ቤተ መዛግብት ከመሄዳችሁ በፊት የአንድ ዕድር ጸሐፊን በር አንኳኩ። መዝገቡን በአክብሮት ጠይቁ፤ ቅጂውን አስቀሩ። ነገ የሥልጠና ድጋፍ ደንብ የሚያረቅቅ ሰው ጎረቤት ለጎረቤቱ ምን እንደ ከፈለ ማየት ቢፈልግ ሌላ ማስረጃ አያገኝም።